ብርማዋ ጄትና የእኔ ሳህን

ሰው ደመና መሃል ብቻውን ተቀምጦ ድንገት ራሱን ቢያዞረው፣ ማን ደግፎ ውሃ ያጎነጨዋል?

ይህን ጥያቄ ባሌን ቴዮን የጠየቅኩት በተጋባን ሰሞን ነው። ቴዮ የተዋጊ ጄት አብራሪ ነበር፤ የሚያበርራት ኤፍ-5 ደግሞ መቀመጫዋ አንድ ብቻ። ሳቀብኝ እንጂ አልመለሰልኝም። እኔም እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም። እሱ ጡረታ ወጣ፣ ጄቷም ጡረታ ወጣች፣ እሱ ይባስ ብሎ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሄዶ ተኛ። ጥያቄው ግን እንደ ድመት ምድጃ ሥር ተኝቶ ቆይቶ፣ የልጅ ልጄ ሚካ ያን ቅዳሜ ምሳ ላይ አፏን ስትከፍት ዘሎ ጭኔ ላይ ወጣ።

«አፑ፣ ተዋጊ ጄት ላይ ልመደብ ነው» አለችኝ። አፑ የምትለው እኔን አያቷን ነው።

«ለብቻሽ?»

«መጀመሪያ አስተማሪ ከኋላዬ ይቀመጣል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ለብቻዬ ነዋ።»

«ያን ጭንብል አፍሽ ላይ ለጉመውብሽ ማስነጠስ ቢመጣብሽስ?»

«አስነጥሳለኋ!»

እናቷ ሮዌና ሪያድ ውስጥ ነርስ ናት፤ ሚካን ከጡት ጀምሬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። የዚያኑ ቀን ደወልንላት። ሮዌና ብዙ አላወራችም። «ያሳደገችሽ እሷ ናት፤ ከመረቀችሽ ሂጂ» አለቻት። «ካልመረቀችሽ ግን የጭነት አውሮፕላን ላይ ትመደቢያለሽ። እሱም ቢሆን ክንፍ አለው።» ሚካ አኮረፈች፣ ግን ቃል ገባች። ወደ ሥልጠናው የሚወስዳት መኪና ሰኞ ጠዋት ይመጣል። እኔ እሺ ካላልኩ ባዶውን ይመለሳል።

የጭነት አውሮፕላን! እንዴት ደስ አለኝ መሰላችሁ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቀመጥበታል፣ ቴርሞስ ማስቀመጫ ቦታ አለው፣ ሰው እንደ ሰው ወጣ ገባ ይልበታል። አንዷ ብታስነጥስ ሌላው ይማርሽ ይላታል።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ «ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» ብዬ ወደ ጦር ሰፈሩ በር ወሰድኳት። ሐሳቤ ማስፈራራት ነበር። እዚያ በር ላይ አንዲት አሮጌ ኤፍ-5 ሲሚንቶ ላይ አቁመዋታል፤ አፍንጫዋ እንደ መርፌ የሾለ፣ ክንፏ አጭር፣ መልኳ ብር። አበልጄ ዳዶ፣ የሮዌና ክርስትና አባት፣ መሰላል ላይ ወጥቶ የወፍ ኩስ ይጠርግላታል። ጉልምስናውን በሙሉ የቴዮን ጄት ሲጠግን ነው የጨረሰው፤ አሁን ማንም ሳያዘው እሑድ እሑድ ያጥባታል።

«ውረድ አንተ ሽማግሌ፣ አንገትህን ልትሰብር ነው!» አልኩት።

«ከሷ ላይ ወድቄ ከሞትኩ ቀጥታ ገነት ነው የምገባው። ሚካዬ፣ ደህና ነሽ? ምነው አያትሽ ቀሚሷን ሰብስባ መጣች? የምትጣላው ሰው አለ?»

«ከዚህች ጋር ነው የምጣላው» አልኩና ወደ ጄቷ ጠቆምኩ። «ሚካ፣ ይህችን ታያለሽ? ሌባ ናት። አያትሽን ከገበታ ላይ ነበር የምትሰርቀኝ። ጉርሻው አፉ ሳይደርስ የጦር ሰፈሩ ሳይረን ይጮኻል፣ እሱ ይነሳል። ደህና ዋይ የለ፣ ሄጃለሁ የለ። አብራሪ ሄጃለሁ ካለ ሄዶ ይቀራል ይላል፤ ዝም ብሎ ነው የሚወጣው። እኔ ሳህኔን አዞርና እቀመጣለሁ።»

ሳህን ማዞሩን ሚካ ታውቀዋለች። እኛ አገር፣ ፓምፓንጋ ውስጥ፣ ማን የማያውቅ አለ? ሰው ከገበታ ተነስቶ መንገድ ሲወጣ የቀሩት ሳህናቸውን ያዞራሉ፤ መንገደኛው በደህና እንዲመለስ። እኛ ቤት ደግሞ ሕግ ነው። ሳህን ሳይዞር ማንም ደፉን አያልፍም።

«ከዚያ ጭንቁ ይጀምራል» አልኳት። «የቁም ሳጥኑ ብርጭቆዎች መንጫጫት እስኪጀምሩ። ጄቷ ስትመለስ፣ ጆሮዬ ሳይሰማ እነሱ ነበር የሚሰሟት። ሲንጫጩ ሩዝ እጥዳለሁ፤ ሩዙ ሲበስል ቴዮ በሩ ላይ ነው። ሸሚዙ ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል። እስካሁን ያ ሽታ መንገድ ላይ ሲገጥመኝ ይርበኛል።»

ዳዶ መሰላሉ ላይ ሆኖ ሳል መሰል ነገር አሰማ።

«ስታርፍ ብታያት ደግሞ! ከጭራዋ ነጭ ጃንጥላ ትለቃለች፤ ፍሬን እንዲሆናት። እኛ ሚስቶች አጥሩ ጋ ቆመን ስናይ፣ ጃንጥላው ሲዘረጋ ሁላችንም አንድ ላይ ነበር የምንተነፍሰው። አንዱ ሲያረጅ አበልጄ አስፈቅዶ አመጣልኝና የእናትሽን የክርስትና ቀሚስ ሰፋሁበት። ቄሱ ውሃውን ሲያፈሱባት ጨርቁ አልጠጣም አለ። ውሃው ተንከባሎ ጫማቸው ውስጥ ገባ!»

ሚካ አፏን በእጇ ያዘች።

«አትሳቂ፣ የምነግርሽ የሚያስፈራ ነገር ነው» አልኩ። «የቤተ ክርስቲያናችንን በዓል ቀን ስሚ። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የሙዝ ቅጠል አንጥፈን፣ ሩዙን፣ ዓሣውን፣ ሽሪምፑን ከምረንበት በእጃችን እየበላን ሳይረኑ ጮኸ። ቴዮ ተነሳ። ምን ላዙር? ሳህን የለ! ቅጠል አይዞር!»

«እኔም ነበርኩ» አለ ዳዶ ከላይ። «አያትሽ ‹ያዝ!› አለችኝ። ጠረጴዛውን እኮ ነው! ቄሱ ዓሣ እንደያዙ ተነሱ፣ የከንቲባው ሚስት ጭን ላይ ሾርባ ተደፋ፣ እኛ ያን የሚያህል ጠረጴዛ ከነበዓሉ ዙሪያውን አዞርነው።»

«ምን ላድርግ ታዲያ! ከሰዓት በኋላ ደመናው ሰፈሩን ዘጋው። ብርጭቆዎቹ ዝም አሉ። መሸ፣ ዝም። ዕንባዬ እየወረደ ነው የነጋልኝ። ለካ ደመናው አላሳርፍ ብሎት ሴቡ ደሴት ሄዶ አርፏል። በማግስቱ የደረቀ ማንጎ በዘንቢል ይዞ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና፣ ‹ሶሊንግ፣ ጠረጴዛው ምን አጥፍቶ ነው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርሽው?› አይለኝም?»

ሚካ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እኔም ሳላስበው እጄን የጄቷ ሆድ ላይ አሳርፌ እያሻሸኋት ነበር። ፀሐይ ያሞቃት ብረት እንደ ሰው ገላ ትሞቃለች።

ዳዶ ወረደ። ጨርቁን አጥፎ ትከሻው ላይ ጣለ። «አበልጄ፣ ልጅቷን ልታስፈራሪ መጥተሽ ጄት ስትሸጪላት ዋልሽ እኮ።»

«አፍህን ዝጋ። ብትወድቅስ?»

«ቴዮ የት ሞተ?»

«አልጋው ላይ።»

«ታዲያ አልጋ ላይ አትተኛ በያት።»

ወደ ቤት ስንመለስ ሚካ ክንዴን ይዛ ነበር፤ አንድም ቃል ስለ ሰኞ አላነሳችብኝም። ብትለምነኝ እምቢ ማለት ይቀለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሩዙን በነጭ ሽንኩርት ጠብሼ፣ ከእንቁላልና ከደረቀ ዓሣ ጋር አቀረብኩ። ሆምጣጤውንም አልረሳሁ። ሚካ የበረራ ልብሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራ ተቀመጠች። ትበላለች፣ ዓይኗ ግን የእኔ ሳህን ላይ ነው። እኔ ሁለቱን እጆቼን ሳህኔ ጠርዝ ላይ ጥያለሁ። ካላዞርኩት አትወጣም። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

መኪናው መጥቶ ውጭ ቆመ። ሾፌሩ ክላክሱን ነካ አደረገ።

ሚካ አልተነሳችም። ማንኪያዋ በእጇ ነው፤ ጀርባዋ ቀጥ ብሏል፣ ጆሮዋ ውጭ ነው፣ ፊቷ ላይ ግን አንዳች ጥድፊያ የለም። ቴዮ ልክ እንዲህ ነበር የሚቀመጠው። የቸኮለ ሰው ያስፈራኛል፤ እንዲህ የተቀመጠ ሰው ግን የሚሠራውን ያውቃል። የጭነት አውሮፕላኑን አሰብኩት፤ ቴርሞሱን፣ ጎን ለጎኑን። እዚያ ወንበር ላይ ሚካን ላስቀምጣት ሞከርኩ። እምቢ አለኝ፤ የሰው ጫማ ያደረገች መሰለችኝ።

ከዚያ ዓይኔ ቁም ሳጥኑ ላይ አረፈ። አዲሶቹ ጄቶች ሲያልፉ ብርጭቆዎቹ አሁንም ይንጫጫሉ፤ እኔ ግን የሌላ ሰው ልጅ ነው ብዬ ዝም እላለሁ፣ ሩዝ አልጥድም። መፍራት እችልበታለሁ። ዕድሜ ልኬን ፈርቻለሁ፣ ጎበዝ ነኝ። ከፈራሁላቸውም አንድ እንኳ ሳይመለስ የቀረብኝ የለም።

ክላክሱ እንደገና ጮኸ።

«ይጠብቅ! ሰው እየበላ ነው!» ብዬ በመስኮቱ ጮኽኩበት። ከዚያ ወደ እሷ ዞርኩ። «ካልሲ ደርበሻል? እዚያ ላይ ብርድ ነው ይላሉ።»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ውሃም ጠጪ። ብቻሽን ስትሆኚ የሚያቀብልሽ የለም።»

ብርጭቆዋን አንስታ እስከ ታች ጠጣችው።

«ብርጭቆዎቹ ሲንጫጩ ሩዙን እጥዳለሁ» አልኩና ሳህኔን ያዝኩ። ዓሣው ላይ የነበረው ሆምጣጤ እስኪፈስ ድረስ፣ ዙሪያውን፣ በደንብ አዞርኩት።

ሚካ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እንደ ወጋችን ምርቃቴን ልትቀበል እጄን አንስታ ግንባሯ ላይ አስነካች። የተረፈውን ሩዟን ሳትጨርስ፣ ቆቧን ከወንበሩ ላይ አነሳችና፣ ምንም ሳትናገር ወጣች።