አሥር ልጅ ሲሞላ

ሲስተር ሱሃይላ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የኩፍኝ ክትባት በከንቱ ደፍታ አታውቅም። በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ሐሳብ አልነበረም፤ በመስታወት ተለብጦ ከጠረጴዛዋ በላይ የተሰቀለው የምስጋና ወረቀትም ይህንኑ ይመሰክራል። ጤና ጣቢያው ከወለንጪቲ አለፍ ብሎ አስፋልት ዳር ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዱ ይገኛል። የትኛው እንደሆነ ባይነገር ይሻላል፤ ነገሩ የአንድ ቦታ ብቻ አይደለምና።

የኩፍኝ ክትባት ነገር እንዲህ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ ይበቃል። አንዴ ከተበጠበጠ ግን ዕድሜው ስድስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ ሱሃይላ ለሁለትና ለሦስት ልጅ ብላ ብልቃጥ አትከፍትም። "ሐሙስ ኑ" ትላለች። ሐሙስም ካልሞላ "ለሚቀጥለው ሐሙስ"። አሥር ሲሞላ ብቻ ትከፍታለች። ክፋት የለበትም፤ ከስንት አገር ተጉዞ፣ በበረዶ ተጠብቆ የመጣን መድኃኒት ማፍሰስ እንጀራ ከመርገጥ አይለይባትም።

አዳማ ላይ ለሚሰጠው ሥልጠና የተመረጠችውም በዚሁ ጥንቃቄዋ ነው። ነርሱንም አዋላጇንም ከሥራ ገበታቸው ሳያነሳ ተመራማሪ ሊያደርጋቸው የሚሞክር ሥልጠና ነበር። በወር አንድ ሳምንት አዳማ ይማራሉ፤ የቀረውን ጊዜ እየሠሩ፣ እዚያው አፍንጫቸው ሥር ያለውን ችግር ያጠናሉ። ለእያንዳንዳቸውም አማካሪ ተመድቦላቸዋል። የሱሃይላ አማካሪ ሲስተር ዲንቄ ናቸው፤ ከሞጆ እስከ መተሐራ ሠላሳ አምስት ዓመት ያገለገሉ፣ ጡረታ ወጥተውም መቀመጥ ያቃታቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት።

ሱሃይላ የመጀመሪያ ጽሑፏን ይዛ ስትቀርብ በልቧ ኮራ ብላለች። ርዕሱ "እናቶች የልጆቻቸውን ሁለተኛ የኩፍኝ ክትባት ለምን ችላ ይላሉ?" የሚል ነው። መዝገቧ ላይ "አቋርጠዋል" የተባሉ አርባ ሦስት ሕፃናት አሉ። መልሱንም በግማሽ ጽፋዋለች፤ የግንዛቤ እጥረት። ቢሮ ያለ ሰው ሁሉ የሚወደው መልስ ነው፤ ማንንም አያስቀይም፣ እናቶቹ ስብሰባ ላይ የሉማ።

ሲስተር ዲንቄ መነጽራቸውን አጥልቀው አነበቡና ወረቀቱን መለሱላት።

"ችላ ማለታቸውን ማን ነገረሽ?"

"መዝገቡ።"

"መዝገቡን ማን ጻፈው?"

"እኔ።"

"እንግዲያው አንቺው ጠይቀሽ አንቺው መልሰሻል፤ እኔን ምን ልታደርጊኝ መጣሽ?" ብለው ሳቁ። "ስሚ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ጋውንሽን አውልቂና በየቤታቸው እንሂድ። ለምን አልመጣሽም ብለሽ እንዳትጀምሪ። ካርዱን አሳዪኝ በይ፣ ከዚያ ዝም በይ። ዝም ማለት ትችያለሽ?"

ሱሃይላ እርግጠኛ አልነበረችም።

መጀመሪያ የሄዱት ከአርባ ሦስቱ ሕፃናት የአንዱ እናት ኤቢሴ ቤት ነው። ባጃጁ መሄድ እስከሚችልበት ድረስ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ በጥቁር ድንጋይና በግራር መሃል አንድ ሰዓት በእግር ተጓዙ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሱሃይላ ሁለት ጊዜ ቆማ ውሃ ጠጣች፤ አሮጊቷ አንድም ጊዜ አልቆሙም። ይህ መንገድ ልጅ ታዝሎ የሚመጣበት መሆኑን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አስባው አታውቅም ነበር።

ኤቢሴ ሠላሳ ያልሞላት፣ ረጅም፣ ዓይነ ፈጣን ሴት ናት። ከሲስተር ዲንቄ ጋር "አካም ጅርታ" ተባብለው በኦሮምኛ ሲሳሳቁ ከቆዩ በኋላ፣ ሱሃይላ እንደታዘዘችው ካርዱን ጠየቀች። ኤቢሴ ወደ ጓዳ ገብታ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች። ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል አለ፣ በዚያ ውስጥ ጨርቅ፣ በጨርቁ ውስጥ ካርዱ። ጫፉ እንኳ አልተጣጠፈም።

የሁለተኛው ኩፍኝ ቦታ ባዶ ነው። ቀጠሮ የሚጻፍበት ግን ባዶ አይደለም። አንድ ቀን ተጽፎ ተሰርዟል። ከሥሩ ሌላ ቀን ተጽፎ ተሰርዟል። ሦስተኛም፣ አራተኛም እንዲሁ። ሁሉም በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፣ ሁሉም በአንድ እጅ። ሱሃይላ ያንን እጅ ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው።

አራት ጊዜ መጥታለች ማለት ነው። አራት ጊዜ ያንን ድንጋይ አቋርጣ ደርሳ፣ አራት ጊዜ "አልሞላም" ተብላ ተመልሳለች። ሱሃይላም ኤቢሴ በመጣች ቁጥር ካርዷ ላይ ቀጠሮውን እየሰረዘች ሌላ ጽፋላታለች። መዝገቡ ላይ ግን መጥቶ ለተመለሰ ሰው የሚሆን ቦታ ስለሌለ ምንም አልጻፈችም። በዓመቱ መጨረሻ "አቋርጣለች" ብላ ዘጋችው።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ከአርባ ሦስቱ ሠላሳ ስምንቱን ቤት ለቤት አገኙ። አንዷ ካርዷን ቁርኣን ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ ሌላዋ ከገብርኤል ሥዕል ጀርባ፤ አንዷ ከመሬት ደብተሩ ጋር ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። በሠላሳ ሦስቱ ካርድ ላይ የተሰረዘ ቀጠሮ አለ። ችላ ባዮች ያለቻቸው ሴቶች የእሷን ጭረት እንደ ውል ጠብቀውታል።

ከዚህ የባሰው ግን ገና ነበር። ጥያቄዎቿን አስተካክላ ኤቢሴ ዘንድ ለሁለተኛ ጊዜ ስትሄድ፣ ኤቢሴ አሁን ለምዳታለችና ሳቅ እያለች፣

"ሲስተር፣ አንቺ አሥር ትወጃለሽ" አለቻት።

"ምን?"

"አሥር ነዋ። ስድስት ስንሆን ቀና ብለሽም አታዪን። ዘጠኝ ስንሆን ታዝኛለሽ፣ ግን ትመልሻለሽ። አሥር ስንሆን ፍሪጁን ትከፍቻለሽ። ማንም አልነገረንም፣ አይተን ነው ያወቅነው።"

"ካወቃችሁ በኋላስ?"

"መገንጠያው ጋ ዛፍ ሥር እንቆማለን። የጎደለውን በስልክ እጠራለሁ። ሲሞላ አብረን እንገባለን።"

ሱሃይላ እነዚህ ሴቶች ሁሌ ተንጋግተው፣ እንደ ሰርግ ቤት እንግዳ በአንድ ጊዜ የሚገቡት ለምንድነው እያለች ስንት ጊዜ አማርራለች! ሰዓት አያከብሩም ብላም ጽፋባቸዋለች።

"አንዴ አንድ ጎደለን" አለች ኤቢሴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ "አትቆጪም አይደል? ሴቶቹ የጎረቤቴን የአማረችን ልጅ ጨምረው መጡ። እሱ በፊት ተከትቧል፤ ለቁጥር ነው። አንቺ ብልቃጡን ስትከፍቺ አማረች 'ልጄን ተቅማጥ ያዘው' ብላ ይዛው ወጣች።"

ሱሃይላ ያን ቀን አስታወሰችው። በሳቅ ፈረሰች፤ ስትስቅ ስትስቅ ግን ፊቷ በእንባ ታጠበ።

"ታዲያ የአንቺ ልጅ ለምን ቀረ?"

"ያን ቀን አተኩሶት ነበር። እነሱን በስልክ አሟልቼ ላክኋቸው፣ እኔ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ አልሞላም።"

ሱሃይላ ስትመለስ መንገዱ አልታወቃትም። አዳማ ላይ አራት ወር የተማረችው ምን ነበር? ማየት፣ መቁጠር፣ ግምት መያዝ፣ ግምቱን መፈተን። ይህን ሁሉ እነዚህ ሴቶች ልጅ አዝለው ዛፍ ሥር ቆመው ጨርሰውታል። ያጠኑትም እሷን ነው። እሷ መዝገቧ ላይ አቀርቅራ ስትጽፍ እነሱ ፊቷን ሲያነቡ ከርመዋል። በሰው እንዲህ ተገርማ አታውቅም፤ ከመገረም አልፎ ፈራቻቸው።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ መሳይ ግን ነገሩን ሲሰማ አልተገረመም፤ ደነገጠ።

"ሲስተር ሱሃይላ፣ ይሄን አዳማ ላይ ልታቀርቢ ነው? የሸለሙሽ ሰዎች ፊት? የግንዛቤ እጥረት በያቸውና ተገላገይ። ስምሽን በገዛ እጅሽ ልታጠፊ ነው እንዴ?"

እውነቱን ነው። ያላት ስም ያ ብቻ ነበር፤ አንድ ጠብታ የማትደፋው ሱሃይላ። ዝም ካለች ግን የኤቢሴ ልጅ በሚቀጥለውም ዓመት "አቋርጧል" ነው የሚባለው። ሲስተር ዲንቄን ምን ላድርግ ብላ ብትጠይቃቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

"እስክታገኚው አብሬሽ ሄጃለሁ። መናገሩ ግን የአንቺ ነው" አሏት። ቀጥለውም፣ "እኔም በጊዜዬ 'ሐሙስ ኑ' ብያለሁ። ስንቱን እንደመለስኩ የሚነግረኝ አልነበረም" አሉ።

የስብሰባው ዕለት አዳራሹ ውስጥ ሃምሳ ያህል ሰው ነበር። ሱሃይላ የኤቢሴን ካርድ አስፈቅዳ፣ ስሙን ሸፍና ግድግዳው ላይ አሳየች። አራቱ ስርዞች የሰው ቁመት አክለው ተንጣለሉ። ከፊት ረድፍ አንድ ሰውዬ፣

"የማን ጽሑፍ ነው ይሄ?" አሉ።

"የእኔ ነው።"

ሱሃይላ ሁሉንም ተናገረች፤ ሐሙሱን፣ ዛፉን፣ ስልኩን፣ የአማረችን ልጅ ሳይቀር።

"ታዲያ ለአንድ ልጅ ብለን የዘጠኝ ልጅ እንድፋ ነው የምትይው?" አሉ ሰውዬው።

"አዎ። የሚደፋውን እንጽፈዋለን፣ እንወቀስበታለን፣ እንሸለምበታለን። የሚመለሰውን ልጅ ግን የሚጽፈው የለም። እኔ ያልደፋሁት መድኃኒት እነዚህ ልጆች ላይ ነው የጎደለው።"

ከኋላ አንዲት ነርስ ተነሥታ "እኛም ዘንድ ሐሙስ ነው" አለችና ተቀመጠች። ሌላም ተነሣ። ሰብሳቢው መመሪያው ድሮም ለአንድ ልጅ ክፈቱ እንደሚል አንገታቸውን ደፍተው አስታወሱ። ሲመለሱ፣ አብሯት ስብሰባው ላይ የነበረውና መንገዱን ሙሉ ያኮረፈው አቶ መሳይ ከመኪናው ሊወርዱ ሲሉ "በይ ሰኞ ክፈቺ፤ የሚደፋውን እኔ እፈርምበታለሁ" አላት።

ሰኞ ጠዋት ኤቢሴ ተደውሎላት ልጇን አዝላ ብቻዋን መጣች። ሱሃይላ በፊቷ ብልቃጡን ከፍታ በጠበጠች፣ ልጁን ወጋችው፤ ልጁ አንዴ ጮኾ ዝም አለ። ኤቢሴ ግን ዓይኗን ከብልቃጡ አልነቀለችም።

"የቀረውስ?"

"ስድስት ሰዓት ይቆያል። ከዚያ ይደፋል። ግድ የለም፣ ተፈቅዷል።"

"ስድስት ሰዓት?"

ኤቢሴ በመስኮቱ ወደ ፀሐይዋ አየች። ልጇን መልሳ አዘለች፣ ወጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ስልኳን አወጣች። "ኮቱ" ትላለች ለአንዷ፣ "ነይ፣ ተከፍቷል"፤ ትዘጋና ለሌላዋ ትደውላለች። ሱሃይላ በሩ ላይ ቆማ ሰማቻት። ይህን አድርጊ ብሎ ያዘዛት ማንም አልነበረም።