ከወደቁት ዝርዝር ውጭ

«አገኘሽው?» አለ ወንድሟ፣ የኩሽናውን በር በጀርባው ገፍቶ እየዘጋ።

ፋርማሲስቷ እጇን አደራርቃ ስልኩን ሰጠችው። የድሮ ወታደሮች መዝገብ በወጣበት ድረ ገጽ ላይ የአያታቸው ስም ከነክፍለ ጦሩ ተጽፏል። ከሥሩ፦ «ከግንባር የከዳ። ተይዞ በፍርድ የተገደለ።»

ደግሞ አነበበው። ሳሎኑ በለቅሶ ደራሽ ተሞልቷል። ትናንት አባታቸው ሲቀበር «የጀግናው ልጅ» እያለ የሕይወት ታሪኩን ያነበበው እሱ ነበር።

«አጥፊው።»

«እኔ ባጠፋው ከድረ ገጹ ይጠፋል?»

«ማን ይፈልገዋል ካንቺ በቀር? አባባን ሁለቴ ልትቀብሪው ነው?»

ልብስ ሰፊው አባታቸው ሱቁን እንደዘጋ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጥቶ ከወንበሯ ጀርባ ይቆም ነበር። «አባቴን ከወደቁት ውስጥ ፈልጊ» ይላታል። ስም በስም ይወርዳሉ። አንድ ቀን «የከዱ የሚልም ክፍል አለው እኮ» ብትለው ኮምፒዩተሩን ጣቶቿ ላይ ከደነው። እንዲህ ሆኖ ሰውየውን በሌለበት ዝርዝር ውስጥ ሲፈልጉ ዓመታት አለፉ። ዛሬ ጠዋት ግን የሚከለክላት አልነበረም።

«ቀኑን አየኸው?» አለችው።

«የምን ቀን?»

«የከዳበትን። አባባ በተወለደ በሳምንቱ ነው።»

የወንድሟ ፊት ተለዋወጠ። ሁለቱም ወደ ሳሎኑ ዞሩ።

በሩ ጥግ የአባታቸው ታላቅ እህት ተቀምጣለች፤ ቤተሰቡ «ሕልሜ» የሚላት። ልጅ ሳለች፣ አባታቸው በተወለደ ሰሞን፣ «አባዬ ጎህ ሲቀድ መጥቶ ነበር» አለች። ጎረቤት ሳቀባት፤ ስሙም በዚያው ተለጠፈባት። በፋርማሲስቷ ሠርግ ላይ ያንኑ ስትደግመው አባባ በሰው ፊት፣ «አባቴ ከምሽጉ ንቅንቅ አላለም። ሕልምሽን ቤትሽ ተኝተሽ አልሚ» አላት። ከዚያ ወዲህ ይህን ደጅ የረገጠችው ትናንት፣ ለቀብሩ ነው።

«ብትነግሪያት ትጮኻለች» አለ ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰዉ ሁሉ ይሰማል።»

«ዕድሜዋን ሙሉ ውሸታም ስትባል ኖረች።»

«አባባስ? አሁን አፍ አውጥቶ አይመልስልሽ።»

ክንዷን ያዛት። ቆይቶ ለቀቃት።

ሳሎን ስትገባ የአባቷ የሱቅ ጎረቤት ቀና ብሎ፣ «ያ የጀግናው መዝገብ ነገር እንዴት ሆነ?» አላት። ወሬው ቆመ። አይኖች ሁሉ እጇ ላይ ያለው ስልክ ላይ አረፉ።

«ገና እየፈለግን ነው» አለ ወንድሟ ከኋላዋ።

ወሬው ቀስ በቀስ ተመለሰ። በሰዎቹ ጉልበት መሃል ተሹለክልካ ከአክስቷ ወንበር ሥር ተንበረከከች።

«አክስቴ» አለቻት በጆሮዋ፣ «መጥቷል። አላለምሽም። ተጽፏል።»

እንዴት እንደሞተ የሚናገረውን መስመር አላነሳችላትም።

አክስቷ አልጮኸችም። ወለሉን አየች።

«ጫማው ጭቃ ነበር» አለች በሹክሹክታ። «እናቴ መጀመሪያ ወለሉን አጠበች። ከዚያ እኔን ገረፈችኝ፣ እንዳላወራ።»

«አባባንስ አየው?»

«ታዲያ ለማን መጣ?»

አክስቷ ክንዶቿን አጠፈች። አንዱን ከታች አነጠፈች፣ በሌላው የሌለውን ሕፃን አንገት ደገፈች፤ አባቷ ያን ጠዋት ልጁን እንዴት እንደታቀፈው ሳትቸኩል አሳየቻት። አሳይታ ስትጨርስ ግን እጆቿን አላወረደችም። በለቅሶተኛው መሃል ተቀምጣ፣ ባዶ ክንዷን ቀስ እያደረገች ትወዘውዝ ጀመር።