ያረፈችው ሯጭ

ሀቢሶን ማን ይናገረው! በወጣትነቱ ለክፍለ ጦሩ ሮጧልና ዛሬም ጆሃንስበርግ ላይ የአበሻ ሯጮችን ክለብ እንደ ምልምል ወታደር ያሠለጥናል። ለወፍራሙም ለቀጭኑም ያለው ፕሮግራም አንድ ነው፤ በየቀኑ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ብረት ማንሳት። ዕረፍት የሚባል ነገር አያውቅም።

ከሯጮቹ አንዷ ኤርጎጌ እሺ ብላ አንድ ወር ሞከረችው። አይቮሪ ፓርክ ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ ሱቅ አላት፤ ማክሰኞና ዓርብ ከመሀል ከተማ ዕቃ አምጥታ የዱቄት ከረጢት በትከሻዋ ስታራግፍ ትውላለች። በዚያ ላይ ብረት ሲጨመርበት ጉልበቷ አበጠ፤ የሩጫ ሰዓቷም ጭራሽ ባሰበት።

«ጋሽ ሀቢሶ፣ እኔ ብረቴን ሱቅ ውስጥ አንስቼ ነው የምመጣው» አለችው። «ማክሰኞና ዓርብ ልረፍ።»

«ያረፈማ የሞተ ነው!» አለ ሀቢሶ። ሯጩ ሁሉ በሳቅ ተንከተከተ። ከዚያ ወዲያ በቀረች ቁጥር «ኤርጎጌስ?» «ዐረፈች!» «ነፍስ ይማር!» ሆነ ጨዋታው። ተናደደች፤ ቤቷ ገብታም አለቀሰች። ክለቡ ደርባን ለሚደረገው ውድድር የሚልከው አንዲት ሴት ብቻ ነው፤ ያንን ቦታ ደግሞ ከልቧ ትፈልገዋለች። ለማጣሪያው ሦስት ወር ቀርቷል።

እሷ እቴ! የብስኩት ካርቶን ቀደደችና የራሷን ፕሮግራም ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ሰኞ ቀስ ያለ ሩጫ፤ ማጣሪያው በዳገት ስለሚያልቅ ረቡዕ ዳገት፤ ቅዳሜ ረጅም። በየሳምንቱ አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ትጨምራለች፤ በአራተኛው ትቀንሳለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ማክሰኞና ዓርብ ላይ በትልቁ «ዕረፍት» ብላ ጻፈች፤ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ይሳቁ!

በማጣሪያው ቀን ሀቢሶ ተስፋ የጣለባት ኤፍራታ፣ አንድ ቀን እንኳ ያላረፈችው፣ እስከ ዳገቱ ግርጌ መራች። ዳገቱ ላይ ቅልጥሟን ይዛ ቁጭ አለች። ምስኪን! ኤርጎጌ «አይዞሽ እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ብላት አለፈች። ጉልበቷ አላመማትም። ከሴቶቹ አንደኛ ገባች።

ሀቢሶ የያዘውን ሰዓት ሁለት ጊዜ አየው።

«አንቺ፣ ምን ስትሠሪ ነው የከረምሽው?»

«ዐርፌ ነዋ፣ ጋሽ ሀቢሶ!» አለችው እያለከለከች። «ነፍስ ይማር አይሉኝም?»