ለአንዲት ሸክላ የሚሆን መርፌ

ባሌ ተሩሂሳ ከሞተ ወዲህ ምንም አይሰማኝም። ይህን ስናገር ሰዉ ሁሉ «አይዞሽ፣ ይወጣልሻል» ይለኛል። ምኑ እንደሚወጣልኝ አላውቅም። በጃፓን ወጋችን አስከሬኑ ተቃጥሎ አጥንቱን በመብያ እንጨቶች ስንለቅም እንባ አልወጣኝም፤ እህቱ አፍጥጣ ስታየኝ ዋለች። የሙት መታሰቢያ በሚደረግበት በአርባ ዘጠነኛው ቀንም መነኩሴው ጸሎቱን ሲያደርስ እኔ የማስበው ጣሪያው ላይ ስለተከመረው በረዶ ነበር። «ሴትዮዋ ደረቅ ናት» መባሌን ሰምቻለሁ። ይበሉ።

ሞሪዮካ ከተማ ውስጥ ከወንዙ ማዶ ያለችው የሸክላ ሙዚቃ ቤት የእኛ ናት። ሰው ቡናውን ያዝዝና ከሁለቱ ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ፊት ተቀምጦ ያዳምጣል። ሸክላ እየዞረ ወሬ የለም። ባንኮኒው ጀርባ ያለውን የማጫወቻ ክንድ፣ መርፌውን የሚሸከመውን ዘንግ፣ የሚያወርደውም የሚያነሳውም ተሩሂሳ ብቻ ነበር፤ ደንበኞቹ «ማስተር» ነበር የሚሉት። አንድ ጊዜ ከቶኪዮ የመጣ ጎረምሳ ሸክላው ሲያልቅ ላግዝ ብሎ እጁን ቢሰድ፣ ባሌ እንዴት እንደጮኸበት! ልጁ ጃኬቱን በእጁ እንደያዘ ነው በረዶው ላይ የወጣው።

ማክሰኞ እንዘጋለን። ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ መሀለኛው ወንበር ላይ እቀመጥና እሱ ለእኔ ብቻ ያጫውትልኛል። ሹራቤን እየሠራሁ እሰማለሁ፤ አንዳንዴም እንቅልፍ ሸለብ ያደርገኛል። ሸክላው ሲያልቅ ጉልበቱን እያንቋቋ ይነሳል፣ ክንዱን ያነሳል፣ ከዚያ «ተኛሽ?» ይለኛል። «አልተኛሁም» እላለሁ። በትዳራችን ውስጥ ከዚህ የበለጠ ብዙ ነገር ተባብለናል ብዬ አልዋሽም።

ታዲያ አንዲት ሸክላ አለች። ወጣት ሳለን ተሩሂሳ ሰንዳይ ከተማ ሸክላ የሚቀረጽበት ቤት ይሠራ ነበር፤ እኔ እዚያው ሻይ አመላልስ ነበር። አንድ ቀን ሥራ ሲያበቃ የተረፈ ባዶ ሸክላ ማሽኑ ላይ አድርጎ የሁለታችንን ድምፅ ቀረጸ። እኔ ምን እንዳልኩ ጨርሶ ጠፍቶኛል። እንዲህ ያለው ሸክላ እንደ ሱቁ ሸክላ ጠንካራ አይደለም። ሽፋኑ ለስላሳ ስለሆነ መርፌ ባለፈበት ቁጥር ይፋቃል፤ ጥቂት ከተጫወተ ድምፁ ጠፍቶ «ሽሽሽ» ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ባሌ አንድም ቀን አላጫወታትም።

«ምን ብዬ ነበር?» ስለው «ትክክለኛው መርፌ ይገኝና ትሰሚዋለሽ» ይለኝ ነበር ዓይኑን እየጠቀሰ።

መርፌ የምለው ባሌና ደንበኞቹ ካርትሪጅ የሚሉትን ነው። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችው አልማዝ የሸክላውን ጭረት እየዳበሰች ስትሄድ፣ ውስጡ የተጠመጠመው ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ነገሩን ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። አንዱ ካርትሪጅ እንደ ትንሽ መኪና ዋጋ ያወጣል። ባሌ ዕድሜውን ሙሉ አንዱን ከሌላው ሲያወዳድር፣ ሲበደር፣ ሲመልስ ኖሮ ሳይመርጥ ሞተ።

በየካቲት ወር፣ በአንዱ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁለት የድሮ ደንበኞቻችን በሩን አንኳኩ። አንደኛው ሙናካታ ነው፤ ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ። ሌላው የጥርስ ሐኪሙ ሂራይዋ፣ ትንሽ ሣጥን በደረቱ አቅፎ።

«እትዬ ኪኑዮ፣» አለ ሙናካታ ጫማውን እያራገፈ፣ «ያቺ ሸክላ እያረጀች ነው። ማስተር ሳይሞት ሲያሳየን ነጭ ዱቄት ነገር አውጥታ ነበር። የጀመረውን የመርፌ ምርጫ እንጨርስለት።»

እሺ አልኩ። እነሱ ለማስተር ብለው ነው፤ እኔ ግን ለራሴ ነበር። የገዛ ባሌን ድምፅ ሰምቼም ምንም ካልተሰማኝ፣ እኔም አብሬው አልቄያለሁ ማለት ነው። ቁርጡን ማወቅ ፈለግሁ።

ሦስት መርፌዎች ለማወዳደር ሌላ ሸክላ አወጣን፤ አንዲት ሴት በፒያኖ የምትዘፍንበት። የትኛው መርፌ እንደሚጫወት እንዳያዩ ባንኮኒው ላይ አንሶላ ጋረድኩ። መርፌ መቀያየር ከባሌ ጎን ቆሜ የለመድኩት ነው፤ ድንች እንደ መላጥ ነው ለእኔ።

የመጀመሪያውን አወረድኩ። ሸክላው ሲያልቅ ሐኪሙ ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ ይጮኻል! ዘፋኟን ጥርስ ሊነቅሏት ያስቀመጧት ነው እኮ የሚመስለው!»

«መቼስ ይህን ድምፅ ከአንተ በላይ የሚያውቀው የለም» አለ ሙናካታ።

ሁለተኛውን አወረድኩ። ሙናካታ እጆቹን አጣምሮ ሰማ።

«ይሄ የጭነት ባቡር ነው። ከመስመሩ ንቅንቅ አይልም፤ ግን ሐዲዱን ይበላል። ለዚያች ምስኪን ሸክላ አይሆንም።»

ሦስተኛውን አወረድኩ፤ አለቀ።

«እስቲ ይድገሙት፣ እትዬ» አለ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ደገምኩት።

«መርፌ የለም እኮ፣» አለ ሙናካታ፣ «ሴትዮዋ ብቻ ናት ያለችው።»

አንሶላውን ገለጥኩት። ሦስተኛው ሽቦውን አንድ ሽማግሌ በእጁ የጠመጠመው፣ ቀፎው ካሜሊያ ከሚባል ዛፍ እንጨት የሆነው ነበር። ሁለተኛው የድሮ ሬዲዮ ጣቢያዎች ይጠቀሙበት የነበረው ጥቁሩ። የመጀመሪያው ሐኪሙ ራሱ በሣጥን አቅፎ ያመጣው፣ አዲሱና ውዱ ነበር። ሐኪሙ እስከ ጆሮው ቀላ።

«የገዛ ልጅህን ሰደብከው!» ሙናካታ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። «እሰይ! ሚስትህ ትስማ!»

እኔም ሳቅሁ፤ መሳቅ ስለነበረብኝ። ሦስቱን እኩል ነው የሰማኋቸው። ጠዋት ጠዋት ለመታሰቢያ በባሌ ፎቶ ፊት የማስቀምጠው ሩዝና እኔ የምበላው ሩዝም እኩል ናቸው።

ሸክላዋን አወጣሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ ጠረግኳት፣ ካሜሊያውን በክንዱ ላይ አሰርኩ።

«እዚያ ቆመው አይሰማም። ወንበርዎ ላይ ይቀመጡ» አለኝ ሙናካታ።

የክንዱ ማውረጃ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ ተጭኜው ሄጄ መሀለኛው ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። እነሱ ግራና ቀኝ ሆኑ። ዝናብ የመሰለ «ሽሽሽ» መጣ። ቀጥሎ ባሌ ተናገረ።

«ተሩሂሳ ነኝ። ሙከራ ነው።»

ጎረምሳ ነው። ጉሮሮው ገና በሲጋራ አልሻከረም። ሁለቱ ማጉያዎች መሀል፣ ባዶው ቦታ ላይ የቆመ ያህል ነበር።

«ኪኑዮም አለች። ኪኑዮ፣ አንድ ነገር በይ እንጂ።»

ዝም። ትሪ ላይ ሲኒ ተንኳኳ፤ የእኔ ትሪ ነው።

«በይ እንጂ፣ ሊያልቅ ነው!» ሳቀ። ቆየና «እሺ፣ ሌላ ቀን» አለ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ለካ ምንም አላልኩም ነበር። ሰውየው ደግሞ ይህን ያውቅ ነበር፤ ያን ሁሉ ዘመን እያወቀ ነው ዓይኑን የሚጠቅስብኝ። ደረቴን አዳመጥኩት። ምንም የለም። አልቄያለሁ ማለት ነው አልኩ በልቤ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደማወራ።

መርፌው መጨረሻው ላይ ደርሶ እዚያው በዚያው ይዞር ጀመር። ጧ… ጧ… ይላል። መርፌ ሸክላ ላይ ሳለ ደግሞ አይወራም። ሙናካታ ወደ ባንኮኒው ተመለከተ። ሐኪሙም ተመለከተ። እኔም የባሌ ጉልበት እስኪንቋቋ እጠብቃለሁ። ጧ… ጧ…። ሁልጊዜም ሲነሳ ይዘገያል፤ የዛሬው ግን በዛ። ሸክላዋ እየተበላች ነው። ንዴት መጣብኝ።

«አለቀ እኮ!» ብዬ ጮኽኩ ወደ ባንኮኒው። «ተነስና አንሳው እንጂ! አልተኛሁም!»

ሙናካታ ባርኔጣውን አንስቶ ፊቱን ሸፈነበት። ከባንኮኒው ጀርባ አንሶላው ብቻ ነበር። ያን ጊዜ የተነሳሁት እኔ ነኝ፤ ማጫወቻው ጋ ስደርስ ግን እንባዬ ዓይኔን ጋርዶኝ ስለነበር፣ ክንዱን በዳበሳ ፈልጌ አነሳሁት።