ሰባሪና ለቃሚ

ናርዶስ አፏን መዝጋት ብታውቅ ኖሮ አሰልጣኝ ተፈሪ ጂንካን በዕድሜው አያያትም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው አዲስ አበባ፣ ደሞዝ የሚከፍላት የቦውሊንግ ክለብ አዳራሽ ውስጥ ነው። ለናይሮቢው ውድድር አምስት ሰው ይሄዳል፤ አራቱ ተለይተዋል፤ አምስተኛዋ ወይ ናርዶስ ናት ወይ ሰብለ። ተፈሪ ደብተሩን እያገላበጠ፣ «የሚተርፉሽን ካላነሳሽ ሰብለን እወስዳለሁ» ሲላት፣ በክለቡ ሰው ሁሉ ፊት ቱግ አለች።

«አገሬ ጂንካ ላይ ስድስት ዓመት ተጫውቻለሁ! ቆሞ የቀረብኝ ጠርሙስ በጣት የሚቆጠር ነው! ያበላሻችሁኝ እናንተ ናችሁ!»

ጠርሙስ የምትለው ፒኑን ነው። ጂንካ ውስጥ ፒን የሚል ሰው የለም። አንገተ ቀጭን፣ ሆደ ቦርጫም ነገር ከጠርሙስ ሌላ ምን ይባላል? አስሩ በሦስት ማዕዘን ይደረደራሉ፤ ተጫዋቹ ሁለት ጊዜ ይወረውራል። በመጀመሪያው ኳስ ሁሉንም ከጣለ እሰየው፤ የተረፈ ካለ በሁለተኛው ያነሳል። በመጀመሪያው ኳስ ክለቡ ውስጥ ናርዶስን የሚስተካከል ወንድም ሴትም አልነበረም። ኳሷ ከጠርዙ ይነሳና መጨረሻ ላይ ጥምዝዝ ብሎ መሀል ለመሀል ይገባል፤ ጠርሙሶቹ እንደ ደነገጠ የዶሮ መንጋ ይበታተናሉ። አንድ ወይ ሁለት የተረፉ እንደሆነ ግን ጉድ ነው። ያችው ልጅ፣ በዚያው እጇ፣ ሁለተኛዋን ኳስ ከመስመሩ ጎን ያለው ቦይ ውስጥ ትከታታለች። ሰብለ ደግሞ ሁሉንም በአንዴ የምትጠርገው በስንት አንዴ ነው፤ የተረፋትን ግን ትታ አታውቅም። ተፈሪ ሁለት ዓመት ሙሉ የናርዶስን ኳስ ቀየረ፣ ጫማ ቀየረ፣ የእጅ አንጓዋን በፋሻ አሰረ። ጠብ ያለ ነገር የለም።

«ጥሩ» አለ ተፈሪ ደብተሩን ዘግቶ። «እንግዲያው አገርሽ ላይ አየዋለሁ። ስም ዝርዝሩን የማስገባው ሰኞ ነው።»

ቀልድ መስሏት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከአውሮፕላን ወርዶ ባጃጅ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፤ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው።

የጂንካው ቦውሊንግ ቤት ከድሮው የአውሮፕላን ሜዳ አጠገብ ያለ አሮጌ የእህል መጋዘን ነው። ያቆመው ጋሽ ነጋሽ የሚባል አናጢ ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ቦውሊንግ ቤት ወለል ሲያነጥፍ፣ ሊጣሉ የተሰበሰቡ ጠርሙሶችና ሁለት ኳሶች ለምኖ አመጣ፤ የዋንዛ ጣውላ አልስልሶ አንድ መስመር አነጠፈ። አንድ ብቻ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ቤቱ ጢም ብሏል። ቅቤ ሸጦ የመጣው፣ ፍየል ሊገዛ የመጣው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ የመዘምራኑ ቡድን ጭምር። ናርዶስ ስትገባ ጣራው በፉጨት ሊነሳ ደረሰ።

«ሰባሪያችን መጣች!»

ናርዶስ ትልቁን ኳስ አነሳች፤ አራት እርምጃ ሄደች፤ ለቀቀችው። ስምንት ወደቀ፤ ሁለት ቀረ። እጇን አራገፈች፤ ዞረች፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ካጠገቧ ካለው ሰው እጅ ለውዝ ዘገነች።

ተፈሪ ጠበቀ። የናርዶስ ዓይን ለውዙ ላይ ነው። ከአግዳሚው ጫፍ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሸረጠች አንዲት ቀጭን ሴት ተነሳች፤ ትንሿን ኳስ አነሳች፤ ወገብዋን አጠፍ አድርጋ ለቀቀቻት። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄዳ ሁለቱንም አነሳቻቸው። ሴትዮዋ ተመልሳ ቦታዋ ተቀመጠች። ማንም አላጨበጨበም።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ!» ተፈሪ ብድግ አለ። «እሷ ማን ናት?»

«እትዬ ተዋበች ናታ» አለች ናርዶስ ለውዟን እያኘከች። «ለቃሚዬ።»

«ምንሽ?»

ጋሽ ነጋሽ ጠርሙስ መደርደሩን ትቶ መጣና እንደ ተራ ነገር አስረዳ። ኳሶቹ ሁለት ናቸው፤ የአንደኛው የጣት ቀዳዳ ሰፊ፣ የሌላኛው ጠባብ። ትልቁ ጣት ትንሿ ውስጥ አይገባም። ሰዉ ብዙ፣ መስመሩ አንድ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጂንካ የሚጫወተው ሁለት ሁለት ሆኖ ነው፤ አንዱ ሰባሪ፣ አንዱ ለቃሚ። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው የሰባሪው ስም ነው። «ሌላ አገር እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ ደግሞ።

ተፈሪ ራሱን ይዞ ሳቀ። ሳቁ አልቆመለትም። «ሁለት ዓመት! ፋሻ ሳስር! ጫማ ስቀይር! ልጅቷ ለካ ሁለተኛ ኳስ ወርውራ አታውቅም!»

«አዲስ አበባ ወርውሬ የለ!»

«እዚያማ ቦዩን ስትመግቢ ነው የኖርሽው!»

ሰዉ አብሮ ሳቀ። ናርዶስ ፊቷ ጋለ፤ ለውዙ አፏ ውስጥ አሸዋ ሆነባት። ስድስት ዓመት የመጀመሪያዋን ኳስ ለቅቃ ዞራለች። እግሯ መዞርን ለምዷል፤ እጇ ሥራዬ አልቋል ብሎ ተኝቷል። አዲስ አበባ ሁለተኛ ኳስ ባነሳች ቁጥር የሰው ድስት የምታማስል ይመስላት ነበር፤ እሱንም የምታውቀውን ያንኑ ጥምዝምዝ ትለቅበታለች። ለማንም ያልነገረችው ደብቃ አይደለም። የሚነገር ነገር መሆኑን አላወቀችም።

ተፈሪ ዓይኑን ጠረገ። «አውሮፕላኔ ነገ ከሰዓት ነው። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እዚህ እንገናኝ። ትሰብሪያለሽ፤ የተረፈውን ራስሽ ትለቅሚያለሽ። አስር ጊዜ ሲተርፍሽ ሰባቱን ካነሳሽ ናይሮቢ ትሄጃለሽ። ካላነሳሽ የሰብለን ስም እጽፋለሁ። በአንዴ ከጠረግሽ አልቆጥርልሽም።»

«አትቆጥርልኝም?»

«እሱን ታውቂዋለሽ።»

እትዬ ተዋበች ወደ ገበያ ተመልሳ ነጭ ሽንኩርቷን ስትሰበስብ ናርዶስ ፊቷ ቆመች።

«ሽንኩርት ልትገዢ ነው ወይስ ጥላ ልትሆኚኝ?» አለች ተዋበች ቀና ሳትል።

«አስተምሪኝ።»

«ምኑን? ቃርሚያውን? ባለፈው የገና በዓል መጥተሽ ለጓደኞችሽ ‹ለቃሚነት የቃርሚያ ሥራ ነው› ስትዪ ጆሮዬ ደንቁሮ ነበር እንዴ?»

«ብያለሁ። ክፉ አፍ ነው ያለኝ።»

«እሱንስ ጂንካ ያውቀዋል። ሰሌዳው ላይ ስድስት ዓመት የማን ስም ነበር?»

«የእኔ።»

«ነጥቡስ የማን ነበር?»

ናርዶስ መሬት መሬት አየች። «የሁለታችን። አንዳንድ ቀን… ይበልጡ ያንቺ ነበር፣ እትዬ።»

ተዋበች አሁን ቀና አለች። ትንሽ አየቻትና ማዳበሪያ ሙሉ ሽንኩርት ወደ እሷ ገፋችው። «ተሸከሚው። ሳይመሽ እንሂድ።»

መጋዘኑ ውስጥ ጋሽ ነጋሽ ቀኝ ጥግ ላይ አንዲት ጠርሙስ አቆመ። ናርዶስ ጠመዘዘች፤ ሳተች። ደገመች፤ ሳተች።

«ጠርሙሷን አትዪያት» አለች ተዋበች። «እሷ ሩቅ ናት፤ ታፌዝብሻለች። ጣውላው ላይ የሚስማር ራሶች አሉ፤ ቅርብ ናቸው። አንዱን ምረጪና በሱ ላይ አሳልፊ። ቀኝ ጥግ ለቆመች ግራ ቁሚ፤ ግራ ለቆመች ቀኝ። እጅሽን አታዙሪ። መዳፍሽ ወደ ላይ ይሁን፣ ዘር እንደሚቀበል ሰው። መጠምዘዝ የሰባሪ ነው፤ ለቃሚ ቀጥ ያለ ነው።»

«እንደ ሕፃን አወራወር ነው እኮ!»

«ሕፃን አያፍርም፤ ለዚህ ነው የማይስተው። አንቺ አንዲት ጠርሙስ መጣል ውርደት ይመስልሻል። እኔ አንዲቷን ሳያት ደስ ይለኛል። አስር ስትሆን ማንም አንዷን ያገኛል፤ ብቻዋን ስትቆም ነው ሙያ።»

ናርዶስ አፏን ከፈተች። ዘጋችው። ኳሷን አነሳች።

እሑድ ከጸሎት በኋላ መጋዘኑ መተንፈሻ አልነበረውም። መስኮት ላይ የወጣ አለ፤ ባጃጁን በር ላይ ገትሮ ጣራው ላይ የቆመ አለ። ናርዶስ ሰበረች፤ አንድ ቀረ። ወዲያው እግሯ ዞረ! እትዬ ተዋበችም ከአግዳሚው ብድግ! ሁለቱ መሀል መንገድ ላይ ተፋጠጡ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

«ተቀመጪ፣ እትዬ!» ጮኸች ናርዶስ።

«አንቺ ተመለሺ እንጂ!» ጮኸች ተዋበች።

ተመለሰች፤ ቸኮለች፤ ሳተች። ዜሮ። ሁለተኛውን አነሳች። ሦስተኛውን አነሳች። ከዚያ ሁለት ጊዜ በተከታታይ አስሩንም በአንዴ ጠረገች፤ ሰዉ አበደ፣ እሷ ግን በእግሯ መሬት መታች። «ውይ! ይኼ አይቆጠርም! አታጨብጭቡ!» ጂንካ ውስጥ ሰው በመጥረጉ ሲያዝን ያኔ የመጀመሪያው ነው። አራተኛው ገባ። አምስተኛው ላይ እጇ በድሮ ልማዷ ተጠመዘዘና ቦይ። ስድስተኛው፣ ሰባተኛው ገቡ፤ ስምንተኛው ከጠርሙሷ በጣት ርቀት አለፈ። ዘጠነኛው ገባ። ተፈሪ ሰዓቱን አየና በሁለቱም እጁ ስድስት ጣት አነሳ። ስድስት አንስታለች፤ ሦስት ስታለች፤ የቀረችው አንዲት ዕድል ናት።

ሰበረች። ዘጠኝ ወደቀ። ቀኝ ጥግ ላይ አንዲት ጠርሙስ፣ ከቦዩ አፋፍ፣ ኮራ ብላ ቆማ ቀረች።

«ጠምዝዢው!» አለ አንዱ ከመስኮቱ ላይ። «ጠምዝዢው፣ ሰባሪዋ!» አሉ ሌሎቹም። ናርዶስን እጇን በላት። ያን ጥምዝምዝ ብትለቀው፣ ቢገባላት፣ አገር ይንቀጠቀጣል። እትዬ ተዋበችን ዞራ አየቻት። ተዋበች ለውዝ እየፈለፈለች ነበር።

ናርዶስ ወደ ግራ ሄደች። ሦስተኛዋን ሚስማር መረጠች። መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ለቀቀች።

ኳሱ በሚስማሯ ላይ አለፈ። ጣውላውን ሰያፍ ይዞ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ጥጉ፣ ወደ ቦዩ… «ወደቀ!» አለ ሰው። አልወደቀም! በአፋፉ ላይ ተንከባለለና ጠርሙሷን ከጎኗ ነካት። ጠርሙሷ ዘመም አለች፤ ቀና አለች፤ አሰበችበት፤ ከዚያ ተጋደመች።

ጩኸቱ እስከ ነሪ ወንዝ ሳይሰማ አልቀረም። ተፈሪ አግዳሚው ላይ ቆሞ ደብተሩን ያውለበልባል፤ አግዳሚው ተገልብጦ እሱም ሰዉም አንድ ላይ ተዘረገፉ፤ ከሥር ሆኖ፣ «ተጽፏል! ስምሽ ተጽፏል!» ይላል። መዘምራኑ እልልታውን አቀለጡት። አንድ ሰው እትዬ ተዋበችን በትከሻው አንስቷት፣ «አውርደኝ፣ ለውዜ!» እያለች ራሱን ትደበድበዋለች።

የባጃጁ ሾፌር በሩ ላይ ክላክሱን ያስጮኻል። «ጋሼ፣ አውሮፕላኑ!»

ናርዶስ ግን ኳሷን መልሳ ይዛ፣ ላቧ እየተንጠፈጠፈ፣ መስመሩ ጫፍ ላይ ቆማ ነበር።

«ዝም በሉ! ዝም በሉ እስቲ!» ብላ በዚያ ጩኸት ላይ ጮኸች። «ጋሽ ነጋሽ! ያችኑ ጥግ ላይ አቁምልኝ። አንዲቷን ብቻ! ገና አሁን ነው የጣመኝ!»