ሁለቱ ማሽኖች

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷ የኩላሊት ሕሙማንን ዘረመል (ጂን) ከጤነኞች ጋር ማወዳደር ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጎንብሳ፣ በሽታውን አስቀድሞ ያሳብቃል ያለችውን አንድ ጂን አገኘች። አማካሪዋ ፕሮፌሰር ደስታውን አልቻሉትም፤ ግኝቱን ጽሑፍ አድርገው ወዲያው ለሳይንስ መጽሔት ላኩት።

ለመመረቅ ሦስት ሳምንት ሲቀራት የላቦራቶሪውን መዝገብ ስታገላብጥ ክው አለች። የሕሙማኑ ናሙና በሙሉ የተነበበው በአሮጌው የጂን ማንበቢያ ማሽን፣ የጤነኞቹ ደግሞ በአዲሱ ነበር። ያገኘችው ልዩነት የበሽታው ሳይሆን የማሽኖቹ አነባበብ ነው።

መዝገቡን ይዛ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባች።

"ይሄን ሌላ ሰው አይቶታል?" አሏት።

"ማንም አላየውም። ግን ጽሑፉን ማሰረዝ አለብን።"

"ልጄ፣ እኔ ለዚህ ስንት ዓመት ለፍቻለሁ። አርፈሽ ተመረቂ።"

አላረፈችም፤ ለመጽሔቱ ራሷ ጻፈች። ጽሑፉ ተሰረዘ። ፕሮፌሰሩ ግን "መረጃውን ያዘበራረቀችው ተማሪዋ ናት" ብለው ጥፋቱን በእሷ ላይ አላከኩት። ጉዳዩን ያየው የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ አመናቸው፤ የመመረቂያ ጽሑፏም ወደቀ።

እናቷ ደውለው "ምረቃሽ መቼ ነው? ቀሚስ አሰፍቻለሁ እኮ!" አሏት።

"እውነቱን ስለተናገርኩ ጣሉኝ፣ እማዬ።"



"ምናለ ከተመረቅሽ በኋላ ብትናገሪው?"