የተዘጋ አፍ ዘፈን

«ፊልሟን ከጽሑፉ አውጥቼዋለሁ» አሉ አጎት፣ ነገ በቀብሯ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ በመነጽራቸው ሥር እያዩ። «የሙዚቃ መምህርት ነበረች፤ ተማሪዎቿ ይወዷት ነበር። ይበቃል።»

የሟች ታናሽ ወንድም ለእንግዶች የያዘውን የሻይ ትሪ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። ጠንከር አድርጎ ስላሳረፈው ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ።

«ጋሼ፣ ስንት ዓመት የደከመችበት ሥራ ነው እኮ!»

«ሰው የሳቀበት ሥራ ነው። ሞታም ይሳቅባት?»

ከማዶ ሶፋው ላይ የተቀመጡት ሁለት የሥራ ባልደረቦቿ ተያዩ። አንደኛዋ በመሐረቧ አፏን ሸፈነች። እያለቀሰች አልነበረም።

«ያ ሙት የሚዘፍንበት ነው አይደል?» አለች ሌላዋ በሹክሹክታ።

«ኧረ ተይኝ፣ በልቅሶ ቤት አታስቂኝ!»

«አይተሽዋል?» አላት ወንድምየው ባለ መሐረቧን።

ደነገጠች። «እኔ እንኳን አላየሁትም። ሲያወሩ ሰምቼ ነው።»

ሁሉም ሲያወሩ የሰሙ ናቸው። ደሙን ያፈላው ይሄ ነበር። አይተው ቢጠሉት ምንም አይልም፤ ሰው የወደደውን ይወዳል። ሳያዩ የሚስቁትን ግን ምን ይላቸዋል?

ፊልሙ የተቀረጸው በዚሁ ሳሎን ነው። አስፈሪ ነው፤ ዘፈንም አለው። አንዲት ሴት ሞታ ሶፋው ላይ ተጋድማለች። ለቀስተኞቹ ስለ እሷ ውሸት ባወሩ ቁጥር ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ ትዘፍናለች። ሟቿን የተጫወተችው ራሷ እህቱ ናት። እሱ ካሜራ ያዘ። ያኔ ጢማቸው ጥቁር የነበረው አጎታቸው የሟቿን አባት ሆነው ተጫወቱ።

«ዋናው አፌ አለመከፈቱ ነው» ትለው ነበር ነጭ አንሶላ ውስጥ ሆና። «አፉን የከፈተማ ዘፋኝ ነው፤ ማን ይፈራዋል? ከንፈሬ ትንሽ እንኳ ከተነቃነቀ ንገረኝ።» ዝንብ አፍንጫዋ ላይ ሲያርፍ እንኳ አልተነቃነቀችም። ቀረጻው ሲያልቅ ነው ብድግ ብላ ዝንቡን በአንሶላው ያሳደደችው።

ፊልሙ በሲኒማ ቤት መጀመሪያ የታየ ዕለት ሁለቱም አዳራሽ አልገቡም። ኮሪደር ላይ ቆመው ጩኸት ይጠብቁ ነበር። የመጣው ግን ሳቅ ነው፤ አዳራሹን የሚያናጋ ሳቅ። እጇን ከክንዱ አላቀቀችና «እንሂድ» አለችው። ከዚያ ወዲያ ስለ ፊልም አንስታ አታውቅም። አዳራሽ ውስጥ የነበሩት አጎታቸውም ደጃቸውን መርገጥ ተዉ። የሰፈሩ መዘምራን ልጆች «ጋሽ ሶፕራኖ» የሚል፣ በቀጭኑ የሴት ድምፅ የተሰየመ ስም አወጡላቸው። ወንድምየው ዘፈን ባለበት ፊልም ስለተጫወቱ ይመስለው ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሲኒማ ቤቱ ፊልም አጫዋች የነበሩ ጡረተኛ ለቅሶ ደረሱ። ሻያቸውን ፉት አሉና ወደ ወንድምየው ዘወር አሉ።

«ጎበዝ ልጅ ነበረች። ፊልሟን እኮ ያጫወትኩላት እኔ ነኝ። ያኔ ባልደርስላት ኖሮ ጉድ ሆና ነበር።»

«እንዴት?»

«ድምፁ ከምስሉ ቀድሞ ነበራ! ልጅቷ አፏ ግጥም ብሎ ተዘግቷል፣ ዘፈኑ ግን ይንቆረቆራል። ሰው ሳይነቃብን ብዬ ድምፁን ወደ ኋላ ሳብ አደረግኩት። ያ ጢማም ሰውዬ አፉን ሲከፍት ልክ ገጠመልኝ።» ብርጭቋቸውን በኩራት አስቀመጡ። «ሳታመሰግነኝ ሄደች። ግን አልተቀየምኳትም።»

አጎት ከወረቀቱ ቀና አሉ።

«የሴት ድምፅ ከእኔ አፍ ያወጣኸው አንተ ነህ?» አሉ አጎት።

ፊልም አጫዋቹ አሁን ነጭ የሆነውን ጢም አዩ። «ውይ! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔ እኮ . . . እሷ የቀለደችብኝ መስሎኝ . . .» አሉ አጎት።

«ቢጠይቋትስ?» አለ ወንድምየው አጎቱን፤ ከዚያ ወደ ፊልም አጫዋቹ ዞረ። «እርስዎም አባቴ፣ ኮሪደር ላይ ቆማ ነበር፤ ‹ልጄ፣ ይሄ እንዲህ ነው ወይ?› ቢሏት ምን ነበረበት? ሁሉም ያውቅላታል፤ የሚጠይቃት ግን የለም! ፊልሜ አይረባም ብላ እንዳመነች ነው የሞተችው። የሳቃችሁት በእሷ ፊልም አይደለም። የእሷን ፊልም ማንም አላየውም!»

ወደ መኝታ ክፍሏ ገባና ከመሳቢያዋ የፊልሙ ቅጂ ያለበትን ፍላሽ ይዞ ተመለሰ። ከሞተች ጀምሮ ቴሌቪዥኑን የሸፈነውን ነጭ ጨርቅ ገፈፈው።

«አንተ ልጅ!» አክስቱ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «በልቅሶ ቤት ዘፈን?»

«የሞተችው ናት የምትዘፍነው፣ አክስቴ። እስቲ አንዴ እንኳ አፏን ሳትነኩባት አድምጧት።»

መስኮቱ ላይ ያለው መጋረጃ ስክሪኑ ላይም ታየ። ይሄው ሶፋ። ነጭ አንሶላ፣ ከአንሶላው በላይ ፊቷ። ባለ መሐረቧ ገና ሳይጀመር ፈገግ ብላ ጠበቀች። ስክሪኑ ላይ አንዱ ለቀስተኛ «እንደ ልጄ ነበር የማያት» አለ፤ ዘፈኑ ተነሳ። ከንፈሮቿ አልተንቀሳቀሱም። ድምፁ ከአንሶላው፣ ከግድግዳው፣ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ እየቀረበ መጣ። ባለ መሐረቧ የተቀመጠችበትን ሶፋ ዝቅ ብላ አየችና ቀስ ብላ ተነስታ በሩ አጠገብ ቆመች። የሳቀ አልነበረም።

ጢማሙ አባት መጣ። አፉን ሲከፍት የወጣው የራሱ ድምፅ ነበር፤ የሻከረ፣ የተሰበረ። «ልጄ» ብቻ አለ። ከዚያ አንሶላውን ስቦ ፊቷን ሸፈናት። ዘፈኑ መሐል ላይ ተቆረጠ።

ስክሪኑ ጠቆረ። አጎት ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ ወረቀቱን ወደ ወንድምየው ገፉት። «መልሰህ ጻፈው» አሉ።

አክስት እንደ ልማዷ ጨርቁን አንስታ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደች። አጎት እጃቸውን ዘርግተው ያዙባት።

«አትሸፍኗት።»

ጨርቁን ከእጇ ተቀብለው፣ ጠርዙን ከጠርዙ ገጥመው አጠፉትና ጉልበታቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ።